አምሃ እሸቴ፦ በስድስት ዓመት 103 ሸክላ ያሳተመው ወጣት

ባለፈው ሳምንት ከዊንጌት ወደ ፒያሳ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነበርኩ። ሾፌሩ የሙላቱ አስታጥቄን «የግሌ ትዝታ» ከፍ አድርጎ ለቆታል። አጠገቤ የተቀመጠ ዩኒፎርም የለበሰ ተማሪ አንዱን የጆሮ ማዳመጫ ነቀለና «ይሄ የናስ ቢት አይደል እንዴ?» አለ። ረዳቱ ከት ብሎ ሳቀበት። እኔ አልሳቅኩም፤ ልጁ ግማሹን አግኝቶታል። አሜሪካዊው ራፐር ናስና የቦብ ማርሊ ልጅ ዳሚያን ማርሊ በ2010 ባወጡት «ዲስታንት ሬላቲቭስ» አልበም ውስጥ «አዝ ዊ ኤንተር» የሚለው ሥራ የቆመው በዚህ ሙዚቃ ላይ ነው።

ግማሹ ግን ይቀራል። እሺ፣ ሙላቱ ሠራው። ማን አሳተመው? ብሩን ማን አወጣ? ያኔ ተቀርጾ ባይታተም ኖሮ ናስ ከየት ያገኘው ነበር? የድሮው ሸክላ መሀል ላይ የተለጠፈችውን ክብ ወረቀት ብታዩ መልሱ ተጽፎባታል፦ አምሃ ሪከርድስ።

ዛሬ ስለዚህ ሰው ነው የምንጽፈው። ከመጀመሬ በፊት ሁለት ነገር ልበል። አንደኛ፣ ካልገለጽኩ በስተቀር ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ ሸክላዎቹም በውጭ አገር መዝገቦች ላይ የሚገኙት በዚያ ስለሆነ ለመፈለግ ይቀላችኋል። ሁለተኛ፣ ሰውየውን «አንቱ» ማለት ነበረብኝ፣ አውቃለሁ። ግን የምተርክላችሁ ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ስላለ ልጅ ነው። በዚያ ዕድሜ ላለ ልጅ «አንቱ» አልወጣልህ አለኝ።

ፕሮዲዩሰር ማለት ምንድነው?

እዚህ አገር ቃሉ ትንሽ ይምታታል። እንግሊዝና አሜሪካ «ሪከርድ ፕሮዲዩሰር» ሲባል ስቱዲዮ ውስጥ ተቀምጦ ሥራው እንዴት እንደሚሰማ የሚወስነው ሰው ነው። ቢትልሶችን የቀረጸው እንግሊዛዊው ጆርጅ ማርቲን ጥሩ ምሳሌ ነው። ይህንን ሥራ እኛ ዘንድ የሚሠራው በብዛት «አቀናባሪ» የምንለው ሰው ነው። በዘመናችን ኤልያስ መልካ እንደዚያ ነበር፤ ዜማም ግጥምም ይሠራል፣ ያቀናብራል፣ ስቱዲዮውም የራሱ ነው።

እኛ «ፕሮዲዩሰር» የምንለው ደግሞ ብዙ ጊዜ ባለሙዚቃ ቤቱን ነው። ድምጻዊ ይመርጣል፣ ባንድ ይከፍላል፣ ያስቀርጻል፣ ያሳትማል፣ ያከፋፍላል። ካልተሸጠ የሚከስረው እሱ ነው። አምሃ እሸቴ የዚህ ዓይነቱ ፕሮዲዩሰር ነው፤ ያውም የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የግል አሳታሚ። መሣሪያ ተጫውቶ አይደለም ስሙ የቀረው። ጆሮ ነበረው፣ የነጋዴ ድፍረት ነበረው። ሁለቱ አንድ ሰው ላይ መገኘታቸው ነው ታሪኩን የሠራው።

ሕጉ

አምሃ የተወለደው አዲስ አበባ፣ 1946 ነው። የዊንጌት ልጆች ይህቺን ዓመት ታውቋታላችሁ፤ ሰፈራችን ስሙን ያገኘበት ጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት በእንግሊዞች እርዳታ የተከፈተባት ዓመት ናት። ጣሊያን ከወጣ አምስት ዓመቱ ነው። አገሩ ገና እየተቋቋመ፣ ትምህርት ቤቱም፣ ቴአትር ቤቱም፣ የማርሽ ባንዱም በመንግሥት እጅ እየተደራጀ ነበር።

ሙዚቃውም እንደዚያው። የክብር ዘበኛ ባንድ፣ የምድር ጦር፣ የፖሊስ ሠራዊት፣ ሀገር ፍቅር፣ በኋላ ደግሞ በ1955 የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር። ትልልቆቹ ድምጻውያን በሙሉ ከእነዚህ የአንዱ ደሞዝተኛ ነበሩ፤ ብዙዎቹም ወታደር። ጥላሁን ገሠሠ የክብር ዘበኛ ሰው ስለነበር ከ1960ው የታኅሣሥ ግርግር በኋላ ታስሮ ነበር። ዘፋኝ መሆን ማለት ትእዛዝ መቀበል ማለት ነበር በአጭሩ።

ሸክላ ማሳተምስ? እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚከርረው። በ1948 (በእኛ 1940 ዓ.ም.) የወጣ የንጉሠ ነገሥቱ ድንጋጌ ሸክላ ወደ አገር የማስገባትንም የማሳተምንም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ሰጥቷል። ብቻ! ሌላ ሰው ቢያሳትም ሕግ መጣሱ ነው። ሀገር ፍቅር መብቱን ይዞ ምን ሠራ ካላችሁ፣ በዋናነት የባህል ሙዚቃ አሳተመ። ዘመናዊውን፣ ሳክስፎንና ጊታር ያለበትን፣ ወጣቱ ማታ ማታ ክለብ ውስጥ የሚጨፍርበትን ግን አልነካውም ማለት ይቻላል።

1960ዎቹ መጨረሻ ላይ ያለችውን አዲስ አበባ አስቧት እስቲ። አስመራ ካኘው ጣቢያ የሰፈሩት አሜሪካኖች ሬዲዮ አላቸው። ከ1962 ጀምሮ የሰላም ጓድ ወጣቶች ገብተዋል፣ ሸክላቸውን ይዘው ነው የመጡት። ልጆቹ ጄምስ ብራውንን፣ ኤልቪስን በቃል ያውቃሉ፤ ጸጉር አጎፍረዋል፣ ቤል ቦተም ለብሰዋል። የራሳቸው ዘፋኞች ደግሞ መድረክ ላይ እሳት ናቸው። ግን የአለማየሁ እሸቴን ዘፈን ወደዳችሁት እንበል፤ ሱቅ ሄዳችሁ መግዛት አትችሉም። የለም። ሬዲዮ ላይ እስኪመጣ መጠበቅ ነው፣ አለዚያ ማታ ክለብ መሄድ።

አምሃ ሸክላ ሻጭ ነበር። የውጭ ሙዚቃ ያስመጣል፤ የአሜሪካውን፣ የህንዱን፣ የሱዳኑን። ከባንኮኒው ጀርባ ቆሞ ገበያውን በዓይኑ ያያል። የአገሬው ልጅ የሌላውን አገር ሙዚቃ በገንዘቡ ይገዛል፣ የራሱን ግን አያገኝም። ይህ ለነጋዴ ጆሮ ምን እንደሚል መገመት አያቅትም።

ቁጥር 100

በ1969 አምሃ ድንጋጌውን እያወቀ ጣሰው።

ይህንን ስጽፍ ትንሽ ቆም አልኩ። አሁን «ኢንዲፔንደንት ነኝ» ማለት ቀላል ነው፤ ስልክ ላይ ቀርጾ ዩቲዩብ ላይ መጫን ነው። ያኔ ግን የንጉሡን ድንጋጌ መጣስ ማለት ነው። የሚያውቁት ሰዎች ፈሩ፤ አርፈህ ሸክላህን ሽጥ የሚለው ይበዛ ነበር። የሱ ስሌት ግን ቀላል ነበር፦ ለዚህ ብሎ የሚገድለኝ የለም፣ ቢበዛ ልታሰር እችላለሁ። ጀግንነት ብላችሁ ልታሳምሩት ትችላላችሁ። እኔ የሚታየኝ ትርፍና ኪሳራውን ያሰላ ልጅ ነው፤ ለዚያም ነው የምወደው።

የመጀመሪያዋ ሸክላ ቁጥሯ 100 ነው። በአንድ ጎን «ትማርኪያለሽ»፣ በሌላው «ያ ታራ»፤ ሁለቱም የአለማየሁ እሸቴ። (የአባት ስማቸው ተመሳሰለ እንጂ ዘመዳሞች አይደሉም።) አለማየሁ ከፖሊስ ሠራዊት ኦርኬስትራ የወጣ፣ በአለባበሱም በአዘፋፈኑም «የሐበሻው ኤልቪስ» የተባለ ልጅ ነው። ለመጀመሪያ ሥራ ከሱ የተሻለ ምርጫ አልነበረም፤ ከተማው አስቀድሞ ያበደለት ሰው ነው።

ማሳተሙ ራሱ ሌላ ጣጣ ነው። አገር ውስጥ ሸክላ የሚያትም ፋብሪካ የለም። ስለዚህ ባንዱና ድምጻዊው አንድ ክፍል ውስጥ ሆነው አብረው ይጫወታሉ፣ ድምጹ ቴፕ ላይ ይቀረጻል። የዛሬው «ድምጹን ለብቻ፣ ቤዙን ለብቻ፣ ስህተቱን በኋላ እናርማለን» የሚባል ነገር የለም፤ አንዱ ከተሳሳተ ሁሉም እንደገና። ከዚያ ቴፑ ባሕር ተሻግሮ ህንድ ይሄዳል፣ እዚያ ይታተማል፣ በካርቶን ታሽጎ ይመለሳል። በኋላ ላይ ሥራው ወደ ሊባኖስ ዞሯል። ሸክላው ባለ 45 ዙር የሚባለው ትንሹ ዓይነት ነው፤ በአንድ ጎን አንድ ዘፈን፣ ሦስት አራት ደቂቃ ቢሆን ነው። ብሩ የሚወጣው ቀድሞ ነው፤ መሸጥ አለመሸጡ የሚታወቀው ካርቶኑ ከተከፈተ በኋላ።

ተሸጠ። አምሃ በኋላ ዘመን ሲያወራው እንደነበረው፣ ድምጽ ማጉያውን ወደ ሱቁ ደጅ አውጥተው ሲለቁት ሰው መንገድ ላይ መጨፈር ጀመረ፣ መኪናም ቆመ። ሀገር ፍቅር መብቴ ተነካ ማለቱ አልቀረም። ግን ሸክላው ወጥቷል፣ ከተማው ሰምቶታል፤ በሺህ የሚቆጠር ሰው ቤት የገባን ነገር በድንጋጌ መልሶ መሰብሰብ አይቻልም። ብቻውን ይዞት የነበረው መብት በወረቀት ላይ ቀረ። ብዙም ሳይቆይ ፊሊፕስ የኢትዮጵያ ሸክላዎችን ያሳትም ጀመር፣ ከዚያ «አሊ ታንጎ» በሚል ስም የሚታወቀው አሊ አብደላ ኬይፋ በ«ኬይፋ ሪከርድስ» መጣ። መንገዱ አንዴ ከተከፈተ በኋላ ማለት ነው።

ስድስት ዓመት

ከ1969 እስከ 1975 ድረስ አምሃ ሪከርድስ 103 ትንንሽ ሸክላዎችና ወደ ደርዘን የሚጠጉ ትልልቅ አልበሞች አሳተመ። ሒሳቡን ሥሩት፦ ትንንሾቹ ብቻ ከ200 በላይ ዘፈን ናቸው። በአማካይ በየሦስት ሳምንቱ አንድ ሸክላ። በ1969 እና በ1978 መካከል በአገሪቱ በሁሉም አሳታሚዎች የወጡት ትንንሽ ሸክላዎች ወደ 500 ይጠጋሉ፤ አንድ አምስተኛው የዚህ ልጅ ነው።

እነማን ተቀረጹ? ማሕሙድ አህመድ። ሙሉቀን መለሰ። ሒሩት በቀለ። ሰይፉ ዮሐንስ። ጌታቸው ካሳ። ተሾመ ምትኩ። አሁን እናቶቻችሁ ልብስ እያጠቡ የሚያንጎራጉሩት ግማሹ ከዚህ ዝርዝር ይወጣል ብል ብዙ አላጋንንም።

ተሾመ ምትኩን ለብቻው ላንሳው። የ«ሶል ኤኮስ» ባንድ ድምጻዊ ነበር፤ ጥቂት ዘፈኖች ተቀርጾ በ1970 ከአገር ወጣ፣ ወደ ስካንዲኔቪያ። እነዚያ ጥቂት ዘፈኖች ባይታተሙ ኖሮ ተሾመ ዛሬ «በጣም ጎበዝ ነበር አሉ» የሚባል ወሬ ሆኖ በቀረ ነበር። (ለማያውቁ፦ በ1998 «ቢግ ቢግ ወርልድ» ብላ ዓለምን ያዳረሰችው ስዊድናዊቷ ኤሚሊያ ልጁ ናት። አዎ፣ ያቺው።)

ሙላቱ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። ቤተሰቡ ምህንድስና እንዲማር ወደ ዌልስ ላከው፤ እሱ ሙዚቃ ሆነና ለንደን ትሪኒቲ ኮሌጅ ገባ፣ ከዚያ አሜሪካ ቦስተን በርክሊ። ኒው ዮርክ ሁለት አልበም አውጥቶ አገሩ ሲመለስ ቫይብራፎን የሚባል እዚህ ብዙ ሰው አይቶት የማያውቅ መሣሪያ ይዞ ነው። ዘፋኝ የሌለበት ሙዚቃ፣ በኛ ቅኝት፣ በጃዝ አካሄድ። ለነጋዴ ይህ አስፈሪ ነው። ሕዝቡ ግጥም ነው የሚወደው፤ ማን ይገዛዋል? አምሃ ግን አሳተመው። በመሣሪያ ብቻ የተቀነባበሩ ሥራዎችን በአንድ አልበም ሰብስቦ አወጣ፤ «የግሌ ትዝታ» ያለው እዚያ ነው። በ1974 ደግሞ የሙላቱን «የካቲት» አወጣ፤ ርእሱ አብዮቱ የፈነዳበትን ወር ይዞ።

የእኔን ፍርድ ከፈለጋችሁ፣ አምሃን ከሌሎቹ የሚለየው ይህ ነው። አለማየሁን ማሳተም ብልጠት ነው። ሙላቱን ማሳተም ግን ጆሮ ይጠይቃል።

አንድ ሰው ደግሞ አለ፤ ስሙ ፊት ላይ ስለማይወጣ ብዙዎቻችሁ አትሰሙትም፦ ግርማ በየነ። ፒያኒስት ነው፣ ዜማ ደራሲ ነው፣ ከሁሉም በላይ አቀናባሪ ነው። የዚያን ዘመን ከ60 በላይ ዘፈኖች አቀናብሯል፤ ከአለማየሁ ጋርም «ዓለም ግርማ» የሚባል ባንድ ነበራቸው። በራሱ ድምጽ ያኔ የተቀረጸው ግን አራት ዘፈን ብቻ ነው። አምሃ ብር፣ ግርማ ቅንብር፣ አለማየሁ ድምጽ። እኛ የምናስታውሰው የመጨረሻውን ነው፤ ዩቲዩብ ላይም የሚጻፈው የሱ ስም ብቻ ነው።

እንግሊዛዊው

አምሃን ስፈልግ ሌላ ሰው ትዝ እያለኝ ተቸገርኩ። ክሪስ ብላክዌል ይባላል። ለንደን ተወልዶ ጃማይካ ያደገ እንግሊዛዊ ፕሮዲዩሰር ነው። በ1959 ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ «አይላንድ ሪከርድስ»ን መሠረተ። በ1962 ለንደን ገብቶ የጃማይካ ሸክላ በትንሽዬ ሚኒ መኪናው ጭኖ ሱቅ ለሱቅ እየዞረ ይሸጥ ነበር። ከአሥር ዓመት በኋላ ሦስት የጃማይካ ልጆች ቢሮው መጡ፤ ቦብ ማርሊ፣ ፒተር ቶሽና በኒ ዌይለር። አልበም እንዲሠሩ ብር ሰጣቸው። በ1973 «ካች ኤ ፋየር» ወጣ፣ የቀረውን ታውቁታላችሁ። ሸገር ውስጥ የማርሊ ፎቶ ያልተለጠፈበት ባጃጅ ካያችሁ ንገሩኝ።

ሁለቱ ልጆች አንድ ዘመን ላይ፣ አንድ ሥራ ሠሩ። የድሃ አገር ሙዚቃ ሰምተው «ይሄ ሸክላ ላይ መዋል አለበት» አሉ። ልዩነቱ የቆሙበት ቦታ ነው። ብላክዌል የታተመበት፣ የሚከፋፈልበት፣ ጋዜጣውም ሬዲዮውም ያለበት ለንደን ነበር፤ ሠላሳ ዓመት ሠርቶ በ1989 ኩባንያውን በመቶ ሚሊዮኖች በሚቆጠር ዶላር ሸጠ። አምሃ ቴፑን ወደ ህንድ እየላከ፣ ድንጋጌ እየጣሰ ነው የሠራው። የተሰጠው ጊዜም ስድስት ዓመት ብቻ ነው።

እኔ አሁንም የሚያብሰለስለኝ እዚህ ላይ ነው። በ1974 የእኛ ሙዚቃ ከጃማይካው አያንስም ነበር። ሰማነው እኮ፣ ሸክላው አለ።

ሰዓት እላፊ

መስከረም 1974 ንጉሡ ወረዱ። ደርግ ገባ፣ ሰዓት እላፊም መጣ። ሰዓት እላፊ ለክለብ ሙዚቃ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። ባንዶቹ የሚኖሩት በማታ ሥራ ነው፤ ማታው ተወሰደ። ግጥሙም ሳንሱር ይገባል። ሰው ይታሰራል፣ ይገደላል፤ ሸክላ ለመግዛት የሚወጣ ማን ነው?

አምሃ በ1975 ከአገር ወጣና አሜሪካ ገባ። ሙዚቃ ቤቱ በዚሁ አበቃ። የሃያ ምናምን ዓመት ሰው፣ 103 ሸክላ ከኋላው። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ «ብሉ ናይል» የሚባል ሬስቶራንት ከፈተ፤ በከተማዋ ከቀደሙት የሐበሻ ምግብ ቤቶች አንዱ ነው። አሁን ዲሲ በየመንገዱ ክትፎ አለ፤ ያኔ ግን እንጀራ ምን እንደሆነ ለፈረንጁ ከባዶ ማስረዳት ነበረበት። ልማዱ ሆኖ ገበያ በሌለበት ገበያ መክፈት ይችልበታል።

እዚህ ደግሞ በ1978 ገደማ ሸክላ ማሳተም ጭራሹን ቆመ፣ ካሴት ተካው። ካሴት ርካሽ ነው፣ ቤት ውስጥ ይገለበጣል፣ ከዚያም ይገለበጣል። ሸክላዎቹ አልጋ ሥር ገቡ፤ ተሰበሩ፣ ተሸጡ፣ ተረሱ። ግርማ በየነ በ1981 ከዋሊያስ ባንድ ጋር ለጉብኝት አሜሪካ ሄዶ እዚያው ቀረ፤ ለዓመታት ዋሽንግተን ውስጥ ነዳጅ ማደያ ሠርቷል። ከ60 በላይ ዘፈን ያቀናበረ እጅ ቤንዚን ይቀዳ ነበር። መኪናውን ሊያስሞላ የመጣ ሐበሻ ካሴቱ ላይ የግርማን ቅንብር ከፍቶ፣ ሰውየውን ሳያውቀው ሂሳቡን ከፍሎ የሄደ አይጠፋም እላለሁ።

ፈረንሳዩ መጣ

በ1984 ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚባል ፈረንሳዊ በአጋጣሚ የማሕሙድ አህመድን ሸክላ ይሰማል። በቃ፣ ነገሩ እዚያ ተጀመረ። ሸክላውን ያሳተመው ኬይፋ ሪከርድስ ነው። ፋልሴቶ አዲስ አበባ መጣ፣ በሰዓት እላፊ መሀል ሰው መፈለግ ጀመረ። በ1986 የማሕሙድ «ኧረ መላ መላ» አውሮፓ ውስጥ እንደገና ታተመ።

ደርግ ወደቀ፣ አምሃም አገሩ ተመለሰ። ፋልሴቶ የፈለገው ዋናው ነገር በአምሃ እጅ ነበር፦ መብቱ። ተስማሙ። በ1997 ፓሪስ ያለው «ቡዳ ሙዚክ» የተባለ ኩባንያ «ኢትዮፒክስ» የሚለውን ተከታታይ ሲዲ ማውጣት ጀመረ፤ የመጀመሪያው ቅጽ የተሞላው በአምሃ ሪከርድስ ሥራዎች ነው። አራተኛው ቅጽ ሙሉ በሙሉ ሙላቱ ነው። እሱን ቅጽ አሜሪካዊው ዳይሬክተር ጂም ጃርሙሽ ሰማውና በ2005 «ብሮክን ፍላወርስ» ፊልሙን በሙላቱ ሙዚቃ ሞላው። ከፊልሙ አምስት ዓመት በኋላ ናስ መጣ። ሚኒባስ ውስጥ የነበረው ተማሪ ከዚህ በኋላ ነው የሚገባው።

ግርማም ተመልሷል። በ2017 የተከታታዩ 30ኛ ቅጽ ሆኖ «አካሌ ውቤ» ከሚባል የፈረንሳይ ባንድ ጋር ሙሉ አልበም ወጣለት። አራት ዘፈን ብቻ የነበረው ሰውዬ በሰባዎቹ ዕድሜው አልበም ያዘ።

ስለ መብት፣ በአጭሩ

እናንተ መሀል ቢት የምትሠሩ፣ ዘፈን የምትጭኑ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ብዙዎቻችሁ በውስጥ መስመር ትልኩልኛላችሁ። ስለዚህ ይቺን አንብቡ። አምሃ ከ20 ዓመት በላይ በኋላ ፈረንሳዩን «መብቱ የኔ ነው» ብሎ መደራደር የቻለው ሥራው በራሱ ስም፣ በቁጥር፣ በመለያ የታተመ ስለሆነ ነው። ሸክላው ላይ ሁሉም ተጽፏል።

ዛሬ የሚሠራው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው (ይህቺ በእኛ አቆጣጠር ናት፤ በኋላ ደግሞ ተሻሽሏል)። አዋጁ ሁለት ነገር ይለያል። የደራሲው መብት አለ፤ የግጥሙ፣ የዜማው። ይህ ደራሲው በሕይወት እስካለና ከሞተ በኋላም 50 ዓመት ይቆያል። የቀረጻው መብት ደግሞ የፕሮዲዩሰሩ ነው፤ ከታተመ ጀምሮ 50 ዓመት። ልዩነቱን ያዙት። ዜማ የሰጣችሁት ሰው ቢቀርጸው ቀረጻው የሱ ነው፣ ዜማው ግን የእናንተ ሆኖ ይቀጥላል፤ በጽሑፍ ካልሸጣችሁት በስተቀር። 50 ዓመቱን በ1969 ላይ ብትደምሩት ደግሞ 2019 ይመጣል። በዚያው ዓመት ነው ኤልያስ መልካ ከጆኒ ራጋ፣ ከኃይሌ ሩትስና ከዳዊት ነጋ ጋር ሆኖ ሙዚቃ በስልክ የሚሸጥበትን «አውታር» መተግበሪያ የከፈተው። ጥያቄው አልተቀየረም፦ ሥራውን ለሰው እንዴት እናድርስ፣ ብሩስ ለማን ይግባ?

2021

አምሃ እሸቴ ሚያዝያ 22 ቀን 2013 ዓ.ም. (አፕሪል 30፣ 2021) አዲስ አበባ ውስጥ አረፈ፤ 74 ዓመቱ ነበር። ቀኑ የስቅለት ዓርብ ነው፤ አገሩ በሙሉ ስግደት ላይ ነበር፣ ዘፈንም አይከፈትም። ትልልቆቹ የውጭ ጋዜጦች ሰፊ ጽሑፍ አወጡለት። እኛ ሰፈር ግን ያኔ ስጠይቅ «የቱ አምሃ?» ነው የተባልኩት። ከአራት ወር በኋላ፣ ጳጉሜን ሊገባ ሲል፣ ቁጥር 100 ላይ የዘፈነው አለማየሁ እሸቴ ተከተለው።

መስማት ለምትፈልጉ፦ «ኢትዮፒክስ» ብላችሁ ፈልጉና በቅጽ 1 እና 3 ጀምሩ፤ ሁለቱም ከአምሃ ሪከርድስ የተወጣጡ ናቸው። ሙላቱ ቅጽ 4፣ አለማየሁ ቅጽ 9፣ ግርማ ቅጽ 30። ዳታ ለመቆጠብ ማታ ማታ አውርዷቸው። ደግሞ እቤታችሁ አልጋ ሥር ወይም ቁም ሣጥን ላይ የቆየ ሸክላ ካለ ከመጣላችሁ በፊት መሀሉ ላይ ያለችውን ወረቀት አንብቡ፤ ስሙ ከተጻፈባት ፎቶ አንስታችሁ ላኩልን።